ማዘጋጃ ቤት ቃል ሲገባ
የኮፐንሀገን ምክር ቤትና የአየር ጠባይ መለወጥ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



አንድ የከተማ ምክር ቤት በሕዝብ ፊት ቃል ገብቶ፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ቃላችንን በቀኑ ለመፈጸም አንችልም ብሎ በዚያው ሕዝብ ፊት ሲናገር መስማት የተለመደ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፥ ዕቅዱ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ፥ ያወጡትም ሹማምንት ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ፥ ነገሩ እንደ ተረሳ መቅረቱ ነው። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገን ግን እንዲህ አላደረገችም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለንና፥ በ2012 በኦገስት ወር ምክር ቤቷ እስከ 2025 ድረስ ከተማዪቱ ወደ ሰማይ የምትለቀው የተቃጠለ አየር ከምታስቀረው ጋር ተመዛዝኖ ዜሮ እንዲሆን ወሰነ። ከዓለም ዋና ከተሞችም ይህን በመፈጸም ቀዳሚዪቱ እርሷ እንድትሆን አሰበ። ልክ ዐሥር ዓመት ሲሞላ፥ በ2022 በዚያው በኦገስት ወር፥ የከተማዪቱ ከንቲባ ግቡ በቀኑ እንደማይደረስበት በይፋ አስታወቁ።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ከተማዪቱን ለማማትም ሆነ ለማወደስ አይደለም። ከእናንተ ከአንባብያን አብዛኞቻችሁ ውሎአችሁ በመሥሪያ ቤት ስለ ሆነ፥ ዕቅድ ሲረቀቅ፥ ሲፈረምና ሲተላለፍ በዐይናችሁ የምታዩ ናችሁ። አንድ ቃል ከፊርማው በኋላ በየትኛው በር አልፎ ሥራ እንደሚሆን፥ በየትኛውም በር ላይ ተደናቅፎ እንደሚቀር ከዚህ ታሪክ በደንብ ይታያል።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፥ የድንጋይ ከሰል፥ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው የተቃጠለ አየር ይወጣል። ይህ አየር ከምድር ወደ ላይ የሚመለሰውን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ስለሚይዘው፥ ብዛቱ በጨመረ ቍጥር ምድር ይበልጥ ትሞቃለች። ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥ እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። ታዲያ ይህ የመንግሥታት ጕዳይ እንጂ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነውን? የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ሆኖም የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠው፥ ቆሻሻ የሚሰበስበው፥ መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው፥ ቧንቧ የሚዘረጋው ማን እንደ ሆነ ሲታሰብ፥ ጥያቄው በከፊል መልስ ያገኛል። የቀረው ከፊል መልስ ግን በየአገሩ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የዚህም ንግግር ዋና ነገር በዚያ ላይ ነው።

የኮፐንሀገን ምክር ቤት በየአራት ዓመቱ በሕዝብ የሚመረጡ 55 አባሎች አሉት። በ2012 ያጸደቀው ዕቅድ ግቡን ብቻ ተናግሮ አልተወም፤ ቅነሳው ከየትኛው የሥራ ክፍል ስንት በመቶ እንደሚመጣ ለየብቻው አስቀመጠ። ከጠቅላላው ቅነሳ 74 በመቶው ከኀይልና ከሙቀት ማመንጨት ሥራ፥ 11 በመቶው ከመጓጓዣ፥ 7 በመቶው በየቤቱና በየድርጅቱ የሚፈጀውን ኀይል ከመቈጠብ፥ 2 በመቶው ከራሱ ከማዘጋጃ ቤቱ መሥሪያ ቤቶችና ተሽከርካሪዎች፥ የቀረውም ወደ ፊት ከሚታሰቡ አዳዲስ ሥራዎች እንዲገኝ ነበር።

ይህን 2 በመቶ ልብ በሉት። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለዚህ ጕዳይ ሲነሣ ፈጥኖ ትዝ የሚለን የኮሪደሩን መብራት ማጥፋትና በወረቀት በሁለቱም ገጽ መጻፍ ነው። (አንድ ጊዜ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ወረቀት እንድንቈጥብ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ለየክፍሉ ታድሎ ነበር፤ ማስታወቂያው የታተመው ግን በአንድ ገጽ ብቻ ነበር።) መብራት ማጥፋቱ መልካም ነው፤ የኮፐንሀገን ማዘጋጃ ቤትም የመንገድ መብራቶቹን ኀይል በሚቈጥቡ አምፑሎች ለውጧል፥ በሕንፃዎቹም የሚፈጀውን ኀይል ለመቀነስ ጥሯል። ነገር ግን ሁሉ ነገር ተሟልቶ ቢሠራ እንኳ ከመቶ እጅ ሁለት እጅ ብቻ መሆኑን ዕቅዱ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ትልቁ ነገር ያለው ከከተማው መሬት በታች ነው።

በዴንማርክ የብርዱ ወራት ረጅም ናቸው፤ ቤት ሳይሞቅ መኖር አይቻልም። በብዙ አገር እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ማሞቂያ ያነዳል። በኮፐንሀገን ግን ከመቶ 98 ያህሉ የቤት ሙቀት የሚመጣው በከተማው ሥር በተዘረጋ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነዳጁን አቃጥሎ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱም መዘውሩን ያዞራል። ነገር ግን ከነዳጁ ጕልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ያንሳል፤ የቀረው ሙቀት በብዙ አገር ወደ ባሕር ወይም ወደ አየር ተጥሎ ይቀራል። አንዲት የቤት እመቤት እንጀራዋን ጋግራ ከጨረሰች በኋላ ምጣዱ ሳይበርድ ቆሎ እንደምትቈላበት ሁሉ፥ ኮፐንሀገንም ይህን የተረፈ ሙቀት ለውሃ አሸክማ በየቤቱ ታከፋፍለዋለች። ውሃው በየሕንፃው ሥር ባለ መሣሪያ ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ያወርዳል፤ ከበረደም በኋላ በሌላ ቧንቧ ተመልሶ እንደ ገና ይሞቃል።

ይህ በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም። በኮፐንሀገን መካከል ተከባ የምትገኝ፥ የራሷም ማዘጋጃ ቤት ያላት ፍሬዴሪክስበርግ፥ ቆሻሻ በማቃጠል የተገኘውን ሙቀት ለሆስፒታል ማድረስ የጀመረችው በ1903 ነው። ነገሩ የበረታው ግን በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት ሲንር ነው። በዚያን ጊዜ ዴንማርክ ከምትፈጀው ኀይል 90 በመቶ ያህሉ ከውጭ በሚገባ ዘይት ላይ የቆመ ስለ ነበረ፥ እሑድ እሑድ መኪና መንዳት እስከ መከልከል ተደረሰ። ከዚህ ድንጋጤ በኋላ በ1979 የሙቀት አቅርቦት ሕግ ወጣ። ሕጉ ማዘጋጃ ቤቶች የሙቀት ዕቅድ እንዲያወጡ አዘዘ፤ ቤቶችም ከቧንቧው ጋር እንዲገናኙ ለማስገደድ ሥልጣን ሰጣቸው፤ ሙቀት የሚሸጠውም ክፍል ከወጪው በላይ ትርፍ እንዳያነሣ ወሰነ። ባለቤቱ ቢያጕረመርምም፥ ትርፍ እንደማይወሰድበት ስለሚያውቅ መገናኘቱን ተቀበለው።

እንግዲህ ጥቅሙን ተመልከቱ። የከተማው ቤት ሁሉ ከአንድ ቧንቧ ጋር ከተገናኘ በኋላ፥ በአንድ ጭስ ማውጫ ሥር ያለውን ነዳጅ መለወጥ የመቶ ሺህ ቤቶችን ምድጃ እንደ መለወጥ ነው። በአማገር ደሴት ላይ ያለው ማመንጫ በከሰል ይነድ የነበረውን ክፍል አቁሞ፥ በ2020 በተመረቀ አዲስ ክፍል የእንጨት ፍቅፋቂ ማንደድ ሲጀምር፥ ማዘጋጃ ቤቱ የማንንም ቤት በር ማንኳኳት አላስፈለገውም። ሕጉ፥ ቧንቧውና የማመንጫው ባለቤትነት በእጁ ነበሩ።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። እንጨት ሲቃጠል የተቃጠለ አየር ይወጣል፤ ይኸውም ለማንም ባለ ምድጃ የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ዓለም በተስማማበት የሒሳብ ደንብ መሠረት የእንጨት ሒሳብ የሚያዘው ዛፉ በተቈረጠበት አገር የደን መዝገብ ላይ ስለ ሆነ፥ በጭስ ማውጫው ላይ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ዛፉ ተመልሶ ከበቀለ ሒሳቡ በጊዜ ብዛት ይተካከላል፤ ካልበቀለ ግን ዜሮው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ፍቅፋቂው ከውጭ አገር ደን የሚመጣ ሲሆን፥ ይህን ሁሉ ተከታትሎ ማረጋገጥ ለአንድ ማዘጋጃ ቤት ቀላል ሥራ አይደለም። በዴንማርክም በዚህ ነገር ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ የክርክሩ ባለቤቶችም ምክንያት አላቸው።

የነፋሱ ነገር ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። ከከተማዪቱ ወደብ ፊት ለፊት በባሕሩ ላይ 20 የነፋስ መዘውሮች ቆመዋል። ሚደልግሩንደን ይባላሉ፤ ባንድነት 40 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሲሆኑ፥ ሲቆሙ ግማሾቹ የከተማው ኀይል ድርጅት፥ ግማሾቹ ደግሞ ከ8 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አክሲዮን የገዙበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሀብት ነበሩ። የራሱን ገንዘብ ያገባ ሰው መዘውሩ እይታዬን ጋረደብኝ ብሎ አይከስም፤ ይህንንም ያሰቡት ሰዎች ጠቢባን ነበሩ።

ወደ መጓጓዣው ሲመጣ የምክር ቤቱ እጅ ማጠር ይጀምራል። የብስክሌት መንገድ መሥራት ይችላል፤ ሠርቷልም። ከተማውን የሚዞረው የምድር ውስጥ ባቡርም በ2019 ተከፍቷል። ነገር ግን ወደ ከተማው በሚገቡ መኪናዎች ላይ ቀረጥ መጣል ከፈለገ የአገሪቱ ፓርላማ ሕግ ማውጣት ነበረበት፤ የዴንማርክ መንግሥትም አስቦት የነበረውን የመኪና መግቢያ ክፍያ በ2012 መጀመሪያ ላይ ተወው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎቹ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ከመኪናዎች የሚወጣውን የተቃጠለ አየር ከተማዪቱ ከነፋስ አመንጭታ ወደ ሌላ ስፍራ በምትልከው ኤሌክትሪክ እንዲመዛዘን አሰቡ። የሒሳብ ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። በአንዱ አርእስት የጐደለው ከሌላው አርእስት በዝውውር ተሞላ ማለት ነው። የተከለከለ ዝውውር አይደለም፤ መኪናው ግን እዚያው መንገድ ላይ ይጨሳል።

አሁን ቃሉ ወደ ተሰበረበት ቦታ እንመጣለን። በአማገር ደሴት ላይ አማገር ባከ የሚባል ትልቅ የቆሻሻ ማቃጠያ በ2017 ሥራ ጀመረ። የአምስት ማዘጋጃ ቤቶች የጋራ ሀብት ነው፤ ከቆሻሻው ኤሌክትሪክም ሙቀትም ያወጣል። በጣሪያው ላይ በ2019 የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ስለ ተከፈተበት፥ የዓለም ጋዜጦች ስለ እሳቱ ሳይሆን ስለ ጣሪያው ብዙ ጻፉ። በውስጡ ያለው ችግር ግን እንዲህ ነው። በቆሻሻ ውስጥ ፕላስቲክ አለ፤ ፕላስቲክም ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ስለ ሆነ፥ እርሱን ማቃጠል ዘይት ከማቃጠል የማይለይ ነው። ገና ሲታቀድ ምድጃዎቹ እጅግ ትልቅ ናቸው የሚል ብርቱ ክርክር በምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥቶ፥ በ2012 መጀመሪያ ላይ የብድሩ ዋስትና ተከልክሎ ነበር፤ በኋላ ግን በስምምነት አለፈ። ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተፈራው ደርሶ፥ ምድጃው የከተማው ቆሻሻ ስላልበቃው ከውጭ አገር ቆሻሻ እስከ ማስመጣት ተደርሷል። ትልቅ ድስት የገዛ ሰው እንግዳ መጥራቱ አይቀርም።

ሌላው ሁሉ እየቀነሰ ሲሄድ ይህ ጭስ ማውጫ ብቻውን ጐልቶ ቀረ። ስለዚህ የተቃጠለውን አየር ከጭሱ ለይቶ በመያዝ፥ ጨምቆም ከምድር በታች ለመቅበር ታሰበ። በዓመት 500 ሺህ ቶን ያህል ለመያዝ ሲሆን፥ ይህ ከተሳካ የ2025 ግብ የቀረችው ጕድለት ትሞላለች ተብሎ ተስፋ ተደረገ። መሣሪያው ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ፥ ድርጅቱ መንግሥት ለዚህ ሥራ ካዘጋጀው የድጋፍ ገንዘብ ለመካፈል አሰበ። ለተወዳዳሪዎች የተደነገገውን የገንዘብ አቅም መመዘኛ ሊያሟላ አልቻለም። የማዘጋጃ ቤቶች የጋራ ድርጅት እንደ ንግድ ኩባንያ የራሱን ካፒታል አከማችቶ የሚቀመጥ አይደለምና፥ መመዘኛው ለእርሱ ዐይነት ባለቤት የተቈረጠ ልብስ አልነበረም። በኦገስት 2022 የሆነው ይህ ነው፤ ከዚህም የተነሣ የከንቲባዪቱ መግለጫ ወጣ።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች ዕቅዱ ሁሉ ወሬ ነበር ብለው ፈረዱ። ፍርዱ የቸኰለ ይመስለናል። ከ2005 ጀምሮ ሲቈጠር፥ በከተማዪቱ ሒሳብ መሠረት የተቃጠለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል፤ በዚያው ዘመን ግን የነዋሪው ቍጥር ከ500 ሺህ ወደ 640 ሺህ ያህል አድጓል። ይህም ሊታወቅ የቻለው ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ የተቃጠለውን አየር ሒሳብ እንደ ገንዘብ ሒሳብ እየዘጋ ለሕዝብ ስለሚያወጣ ነው። ጕድለቱ ከቀኑ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የታየውም በዚሁ መዝገብ ምክንያት ነው። ዕቅዱን የነቀፉትም ሰዎች ቢሆኑ፥ የነቀፉበትን ቍጥር ያገኙት ከማዘጋጃ ቤቱ መጽሐፍ ነው።

ከነቀፋዎቹ ሁሉ የከበደው ግን በመዝገቡ ውስጥ ስላልተጻፈው ነገር የቀረበው ነው። የኮፐንሀገን ሰው በሩቅ አገር የተሠራ ልብስ ቢገዛ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ ሥጋ ቢበላ፥ በአውሮፕላን ለዕረፍት ቢሄድ፥ በእነዚህ ምክንያት የወጣው የተቃጠለ አየር በ2025 ግብ ውስጥ አልተቈጠረም። ከተማዪቱ ከዚያ በኋላ ወደ 2035 የሚመለከት አዲስ ዕቅድ ስታዘጋጅ፥ የነዋሪው ሸመታ የሚያስከትለውንም ወደ ሒሳቡ ለማግባት አስባለች። ይህ ከቧንቧው ሥራ እጅግ የሚከብድ መሆኑን ለመገመት አያዳግትም፤ የሰው ገበታና ሻንጣ በማዘጋጃ ቤት እጅ አይደሉምና።

ምክር ቤቱ ግን ሌላውን ሥራ፥ ማለት ከመጣው ለውጥ ራስን የመከላከሉን፥ አልዘነጋም። የሞቀ አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ስለሚሸከም፥ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ጁላይ 2 ቀን 2011 በኮፐንሀገን ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ ወርዶ መንገዶቹን ወንዝ አደረጋቸው፤ በየሕንፃው ሥር ያሉ ክፍሎች በውሃ ተሞሉ፤ ኪሳራውም ከ5 ቢሊዮን ክሮነር በለጠ። በሚከተለው ዓመት ምክር ቤቱ የጎርፍ መከላከያ ዕቅድ አወጣ። ከዚህ የተነሣ የታደሰው ኤንግሃቨፓርከን የተባለ መናፈሻ፥ በበጋ ሰው የሚንሸራሸርበትና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፥ ዝናብ ሲበረታ ግን 22,600 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያቍር ሆኖ በ2019 ተከፍቷል። የክረምትን ጎርፍ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

አዲስ አበባን ካነሣን ዘንድ፥ ሁለቱ ከተሞች ሲ-40 በሚባለው የከተሞች ማኅበር ውስጥ አብረው አባሎች ናቸው። ከዚህም ሌላ በቆሻሻ ማቃጠል በኩል የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት ማለፉን የማያስታውስ የለም። በአጠገቡ የተሠራው የረጲ የቆሻሻ ኀይል ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ በሥራው ከተካፈሉት ድርጅቶች አንዱ ራምቦል የተባለው የዴንማርክ የመሐንዲሶች ኩባንያ ነበር። መሣሪያው የአንድ ቤተሰብ ይሁን እንጂ ሒሳቡ የተለየ ነው። አዲስ አበባ ቤት የምታሞቅበት ቧንቧ የላትም፤ አያስፈልጋትምም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጐደል ከውሃ ኀይል ስለሚገኝ፥ ከረጲ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከሰልን ተክቶ ያስቀረው ጭስ ብዙ አይደለም። በእኛ ዘንድ የሚገኘው ጥቅም በሌላ በኩል ነው። የወጥ ቤት ትራፊ ተከምሮ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል አየር ያወጣል፤ ሜቴንም ምድርን በማሞቅ ረገድ፥ በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲታይ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ25 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የተቃጠለ ወይም ለብቻው ተለይቶ ማዳበሪያ የሆነ ትራፊ ይህን ያህል አያወጣም። እርጥቡ ትራፊ ለእሳት የማይመች ስለ ሆነም፥ ከምንጩ መለየቱ ለሁለቱም ሥራ ይበጃል። ስንት ቶን ሜቴን እንደ ቀረ ለማወቅ ግን በበሩ ላይ እያንዳንዱን የጭነት መኪና የሚመዝን ሚዛን፥ ከጐኑም ከጧት እስከ ማታ ቍጥሩን የሚጽፍ ጸሐፊ መኖር አለበት።